ባለቤት የሌለው ግስ

ጥቅምት ፱

«የአጎቴ ዓይን እየደከመ ሄዷል። ፊታቸው የቆመውን ሰው በድምፁ ነው የሚለዩት። ከሞተር ላይ ግን አይወርዱም። ብትመጣ አንተም አትወርድም ነበር።»

ይህ አንቺ የጻፍሽው ነው፤ ቃል በቃል፣ አራት ነጥቡም ሳይቀር። መጀመሪያ ሳነበው የሥራ ድካም መስሎኝ መነጽሬን ጠርጌ ደገምሁት። ያው ነው። ከዚያ በኋላ የፎቶ ኮፒ ማሽንሽ ቀለም ማለቁን አንድ ገጽ ሙሉ ትተርኪልኛለሽ። አራት ዐረፍተ ነገር ለሰው፣ አንድ ገጽ ለቀለም።

ሰላምታ ሳላስቀድም መጀመሬ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እነሆ ሰላምታው፦ እንደምን ከርመሻል፤ ጤናሽ ይብዛ፤ ደንበኛሽ ይበርክት። አሁን ወደ ነገሩ።

አባቴ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦሜትሪ አስተምረው፣ ዛሬ በርና መስኮት ለመለየት እጃቸውን የሚዘረጉ ሰው ናቸው። አንቺ ደግሞ በግቢያቸው የመንገድ ዳር ክፍል ውስጥ ሱቅ ከፍተሽ የምትኖሪ የአጎቴ ልጅ ነሽ። ከሩቅ ሆኜ የማየው በአንቺ ዓይን ነው። ዓይን «ከሞተር ላይ አይወርዱም» ብሎ ዝም አይልም።

የጻፍሽው ግስ ባለቤት የለውም። «አይወርዱም» ያልሽው ማንን ነው? ከፊቱ ያለው ዐረፍተ ነገር ስለ አባቴ ስለሆነ አባቴን ነው ብዬ ወስጃለሁ። ከተሳሳትሁ ጥፋቱ የአንቺ ነው።

ደውዬ ነበር። ስልኩን እናቴ አነሡ። «እኛ ደህና ነን» አሉ። ስለ ሞተሩ ስጠይቅ «እሱማ ደህና ነው፣ በአንድ ምት ይነሣል» አሉና ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠይቀው ዘጉ። ከእንግዲህ በስልክ አልጠይቅም። በስልክ የተባለ ነገር መያዣ የለውም። በጽሑፍ እፈልጋለሁ።

ሥራዬን ለዘመድ ማስረዳት አቅቶኝ ትቼዋለሁ፤ ሁላችሁም «መኪና ይሠራል» ትላላችሁ። መኪና አልሠራም። ፍሬን እመረምራለሁ። ሞተር ሳይክል ሲመጣልኝ ጎማውን የሚሽከረከር ብረት ላይ አስቀምጬ፣ ሮጦ መቆም መቻሉን አረጋግጬ እፈርማለሁ፤ ወይም አልፈርምም። ነጂዎቹ ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚሉኝ፦ «እኔ እኮ አልሮጥም»። የፍሬናቸው ሸራ ተበልቶ አልቆ ብረቱ ብረት ሲፍቅ እያየሁ ነው እንዲህ የሚሉኝ።

ሞተሩ በማን ስም እንደሆነ ታውቂያለሽ። አባቴ ዓይናቸው ሲከዳቸው ሊብሬውን ወደ እኔ አዛውረው፣ ሸራ አልብሰው መጋዘን ውስጥ አቆሙት። ባለቤቱ እኔ ነኝ። ቁልፉን ዛሬውኑ ተቀበዪና አንቺ ዘንድ አስቀምጪ። አለዚያ ታርጋው እንዲሰረዝ ለትራንስፖርት ቢሮ እጽፋለሁ። አንድ ፊርማ ይበቃል፤ ፊርማውም የእኔ ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር ፬

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣ ዘመድ ሁሉ በሌለበት «ሚሊሜትር» ለሚለው። (ካሁን በኋላ በሌለህበት ማለታችን ቀረ።)

እንዴት ነህልኝ? ጉልበትህን ከዚያ አገር ብርድ ይሰውርልህ፤ ንዴትህንም ቀስ እያለ ያብርድልህ። እኔ ከአቧራና ከአንተ ደብዳቤ በቀር የሚያስለኝ ነገር የለም። ማሽኑ ቀለም አገኘ፤ ታሪኩን ግን አልነግርህም፤ ቂም ይዘህበታል።

ስለ ግሡ። ስም እንዳልጠራ አስምለውኛል። «ሥራው ቁጥር ነው፤ ከሰማ ቁጥር ይልክልኛል» ነው ያሉት። እኔ ደግሞ መሐላ አልበላም፣ ለአንተም አልዋሽም። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ ልጻፍልህ፤ የቀረውን አንተ ለካው።

ወደ ጡብ ፋብሪካው የሚወስደው መንገድ ትዝ ይልሃል? ያ ጉልበት ድረስ አቧራ የነበረው ዛሬ አስፋልት ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ነው የተሠራው፤ ለማን እንደተሠራ የሚያውቅ የለም። ጭው ያለ ቀጥታ፣ መኪና የማይመጣበት፣ ጫፉ ላይ ዝግ የብረት በር ያለው መንገድ ነው። ረፋድ ላይ፣ ሰፈሩ ወደ ሥራ ገብቶ ጸጥ ሲል፣ ሞተሩ ከመጋዘን ይወጣል። ሸራው ይታጠፋል፤ እንደ አልጋ ልብስ ነው የሚታጠፈው፣ ጫፍና ጫፉ ተገጣጥሞ። ሄልሜት ይጠለቃል። ከዚያ ግቢው ውስጥ የማውቀው ሰው አይኖርም።

አንድ ቀን የኋላው ቦታ ለእኔ ተለቀቀ። «ያዢኝ» ተባልኩ፤ ያዝኩ። አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። እስከ ሦስተኛው ድረስ አባታችን ሆይ እደግም ነበር። አራተኛው ሲገባ ጸሎቱን መሃል ላይ ጣልኩት። የመንገዱ ዳር ዛፎች መጀመሪያ ዛፍ ነበሩ፤ ከዚያ አጥር ሆኑ፤ ከዚያ አረንጓዴ ቀለም ብቻ። ጉንጬ እንደ አሮጌ መጋረጃ ተርገበገበ። ስንት እንደደረስን አልጽፍልህም። ግን ልንገርህ ወንድም ጋሼ፣ ፍርሃት ኬላ ነው። ሰው ሁሉ እዚያ ድረስ ሄዶ ይመለሳል፤ መጨረሻው እሱ ይመስለዋል። እኛ አለፍነው። ከኬላው ወዲያ አገር አለ። ምን እንደምለው አላውቅም። ጸጥ ያለ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል።

የፋብሪካው በር ጋ ስንቆም «ለምንድን ነው ግን?» አልኩ። መልሱን እንደተባለ እጽፍልሃለሁ፦ «ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲጠራ ይኖራል። ከጓዳ ይጠራል፣ ከደጅ ይጠራል፣ በስልክ ይጠራል። አቤት ሲል ይመሻል። እዚህ መንገድ ላይ ግን የሚጠራኝ ሁሉ ከኋላ ይቀራል። ይከተለኛል፣ አይደርስብኝም።» ይህን ብለው ሄልሜቱን አወለቁ፤ ወረደችና ጉልበታቸውን ይዘው ሲስቁ ቆዩ። እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ቁልፉን አንቺ ዘንድ አስቀምጪ ብለሃል። እኔ ዘንድ ነው፤ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ረፋድ ላይ ይጠየቃል፤ እሰጣለሁ። አንተ ብትሆን ትከለክላለህ? ከእነሱ ጋር በስልክ ስታወራ «እሺ» ከማለት ሌላ ሰምቼህ አላውቅም።

ታርጋውን አታሰርዝ። እባክህን። ይህ ቤት ጠዋት ጠዋት መስኮቱን መክፈት ትቶ ነበር፤ አሁን ከእኔ ሱቅ ቀድሞ ይከፈታል። ሌላ የምለው የለኝም።

እህትህ


ኅዳር ፳፭

ለአጎቴ ልጅ፦ ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ለእኔ ግን ከደብዳቤሽ ወዲህ ሰላም የለም።

ሥራ ቦታ ነው ያነበብሁት፤ ሁለት ሞተር ሳይክሎች ተራ ሲጠብቁ። በሁለተኛው ገጽ ግርጌ አንድ ፊደል አለች። «ች»። «ይህን ብለው» ትያለሽ፤ «አወለቁ» ትያለሽ፤ «ይዘው» ትያለሽ፤ መሃል ላይ ግን «ወረደችና» ይላል።

መጀመሪያ የብዕር ስሕተት ነው አልሁ። አንቺ ግን ሰው የጻፈውን እያባዛሽ የምትኖሪ ነሽ፤ ፊደል አይጠፋሽም። ቀጥሎ ሞተሯን ማለትሽ ይሆናል አልሁ፤ ሰው የሚወዳትን መኪና «እሷ» ይላል። ሞተር ግን ከራሷ ላይ አትወርድም። ቀጥሎ ወራጇ አንቺ ነሽ አልሁ፤ ሰው ደግሞ ስለ ራሱ «ወረደች» አይልም። ቀጥሎ ጎረቤት አልሁ፤ ጎረቤት የእኛን ሸራ እንደ አልጋ ልብስ አያጥፍም። ሸራውን እንደዚያ የሚያጥፍ ሰው አንድ ብቻ አውቃለሁ፤ የእኔን አንሶላ ሲያጥፉ አይቻለሁ። ስጽፈው እጄ እንቢ ይለኛል።

እናቴ ናቸው።

እናቴ የሰባ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። ደረጃ ሲወጡ ግድግዳ ይይዛሉ። ብስክሌት ላይ ሲወጡ አይቼ አላውቅም። ያንን ሞተር ሳምንት በሳምንት አቧራውን ሲጠርጉለት ኖረዋል፤ ይህን አውቃለሁ። አቧራ መጥረግና ማርሽ መቀየር ምን ያገናኘዋል? በጽሑፍ አስረጂኝ።

ከእኔ ጋር የሚሠራው ሰውዬ ፊቴን አይቶ «ምን ሆንህ?» አለኝ።

«እናቴ ሞተር ሳይክል ይነዳሉ» አልሁት።

«ስንት ይሄዳሉ?» አለኝ። ዓይኑ በራ።

«ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው እኮ የምልህ።»

«ሰባ አንድማ ትንሽ ነው» አለ፤ ኪሎ ሜትሩን መስሎት። ሲገባው ደግሞ በማዘን ፈንታ ሞተሩ ስንት ሲሊንደር እንደሆነ ጠየቀኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የተበላ ፍሬን አብሮኝ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ጤነኛ ሰው ማግኘት አልቻልሁም።

የሚከተለውን መልሺልኝ። እናቴ መንጃ ፈቃድ አላቸው ወይ? ማን አስተማራቸው? እሳቸው በዚያ መንገድ ላይ ሲበሩ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ አባቴ የት ናቸው? ቤት ተዘግቶባቸው ነው? አንቺስ «ከኬላው ወዲያ አገር አለ» ስትዪ፣ ከዚያ አገር ሰው በምን እንደሚመለስ አስበሻል? እኔ የምመረምረው እሱን ነው። መመለሻውን።

ለትራንስፖርት ቢሮው ደብዳቤውን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ፖስታ ውስጥ ከትቻለሁ። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ መልስሽ ካልደረሰኝ ይላካል።

ወንድምሽ


ጥር ፳

ወንድም ጋሼ፣ አምላክ ከአንተ ጋር ይሁን፤ ትዕግሥትም አብሮት ይምጣ።

ያልከው ቀን አለፈ፤ አውቃለሁ። ታርጋው እስከ ዛሬ እንዳለ ነው፤ ደብዳቤህ መንገድ ላይ ይሁን ኪስህ ውስጥ አላወቅንም። ለምን እንደዘገየሁ እነግርሃለሁ፤ ግን ቁጭ ብለህ አንብብ። ሁሉም በሕይወት አሉ። ይህን ያስቀደምኩት አንተን ስለማውቅህ ነው።

መሐላዬ ተነሥቶልኛል። ስለዚህ ስም እጠራለሁ።

የምትነዳው እትዬ ናት። (በአፌ «አንቺ» ነው የምላት፤ በብዕር ሳከብራት ነው ያቺ «ች» ያመለጠችኝ።) ከኋላ የሚቀመጡት ደግሞ አጎቴ ናቸው። አባትህ። «አይወርዱም» ያልኩት ስለ ሁለቱም ነበር። አንተ መጀመሪያ እሳቸውን ብቻ አልክ፤ ቀጥለህ እሷን ብቻ አልክ። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ እንዴት አቃተህ? ዩኒቨርሲቲ የገባኸው እኮ አንተ ነህ።

መንጃ ፈቃድ አላት። እንደ ሰው ተመዝግባ፣ የልጅ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ልጆች ጋር ተሰልፋ፣ በኮኖቹ መካከል እየተጥመዘመዘች ነው የተፈተነችው። አሠልጣኙ መጀመሪያ «እማማ፣ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?» ብሏት ነበር። «ልጄ ይፈራል» አለችው። ኮፒውን አያይዤልሃለሁ፤ በራሴ ማሽን ነው ያነሣሁት። ፊቷ የጠቆረው ቀለሙ ብዙ ሆኖ ነው።

አጎቴ እንዴት እንደጀመሩ ላጫውትህ። እሷ ለብቻዋ ስትሄድ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው ይጠብቁ ነበር። አንድ ቀን «እኔም ልሂድ» አሉ። «ምን ልታይ?» አለቻቸው፤ ጨክና። እሳቸው ምን እንዳሉ ታውቃለህ? «ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ዓለም ቆሞብኛል። ወንበሩ ላይ ምንም አያልፍም። አንቺ ስትመጪ ግን ልብስሽ ያለፈ ነገር ይሸታል።» ከዚያ ወዲህ ወገቧን ይዘው ይሄዳሉ። ነፋሱ ሲመታቸው ማለፉን በፊታቸው እንደሚያዩት ነው የሚናገሩት።

ሲመለሱ በሩ ላይ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ከሱቄ ሆኜ እሰማለሁ።

«ስንት ደረስን?»

«አርባ።»

«አርባ እንደዚህ አያፏጭም።»

«የሚያፏጨው ያንተ ጆሮ ነው።»

«ውሸታም። ነገ ጨምሪ።»

አሁን ወደ መዘግየቴ። ወደቁ። ተረጋጋ። ሲበሩ አልወደቁም፤ አንተ የምትፈራው ቦታ ላይ አልወደቁም። ግቢ ገብተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቆመው ነው የወደቁት። እሷ «አንተ ቅደም» አለች፤ እሳቸው «አንቺ ቅደሚ» አሉ። «እግርህን አታየውም፣ ቀስ ብለህ ውረድ።» «አንቺ ከወረድሽ ማን ይይዘዋል?» ሲከራከሩ ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ እንደሚተኛ ሰው፣ በጎኑ ጋደም አለ። ሮጬ ስደርስ አጎቴ መሬት ላይ ሆነው «ስንት ነበርን?» ይላሉ። «ዜሮ» አለቻቸው እትዬ። ከዚያ ነው እጇን ያየሁት።

የቀኝ አንጓዋ ተሰብሯል። ጀሶ ታሰረላት። ለዚህ ነው ዝም ያልኩህ፤ ሕመሟ ሳይለቃት ብጽፍልህ የማሰረዣውን ደብዳቤ እንደምትልክ አውቃለሁ። ሐኪሙ ጀሶው የካቲት መጨረሻ ይወጣል ብሏል። እስከዚያ ሁለቱም በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ሞተሩ ሸራው ውስጥ ነው፤ ያጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ጫፉ አልገጠመም ብላ ሁለት ጊዜ አስፈትታኛለች።

የእሷን ቃል እንዳለች ጻፊ ስላለችኝ ይኸው፦ «ታርጋውን ከፈለገ ይውሰድ፤ በስሙ ነው። ግን በፖስታ አይደለም። ራሱ ይምጣ፤ ካቻቪቴ ይዞ፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ብሎኑን በእጁ ይፍታ። እኔ ቆሜ አየዋለሁ።»

አጎቴ ደግሞ «ሲመጣ ፍሬኑን ይይልን» ብለዋል።

እህትህ


የካቲት ፫

ለአጎቴ ልጅ፦

ሰላምታዬን ተቀበዪ፤ ለአንጓዋም ምሕረት ያውርድላት። ከዚህ በላይ ቸርነት ዛሬ አይወጣኝም።

በመጀመሪያ ስለ ሰዋስው። ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ሁለቱም በአንድ ግስ ምክንያት ነው። አክብሮት ያልሽው ነገር ወንዱን ከሴቷ፣ አንዱን ከሁለቱ ደባልቆ አንድ «ኡ» ያደርጋቸዋል፤ እኔ ደግሞ በዚያች «ኡ» ላይ አራት ወር ተቀመጥሁ። ባለቤቱን ጻፊ ብዬሽ ነበር። ቃሉ ራሱ አሁን ግራ ያጋባኛል። የግሡ ባለቤት አለ፤ የሞተሩ ባለቤት አለ፤ የአባቴ ባለቤት አለች። ከሁሉም ወረቀት ያለኝ እኔ ነኝ። የማልንቀሳቀሰውም እኔ ነኝ።

የማሰረዣውን ደብዳቤ አልላክሁም። ታኅሣሥ ሲያልቅ ይዤው ወጥቻለሁ፤ የፖስታ ሳጥኑ አፍ ላይ ደርሼ እጄን አስገብቻለሁ። ከነደብዳቤው መለስሁት። ምክንያቱን አትጠይቂኝ፤ ብትጠይቂኝም የለኝም። ዝምታሽን ሞት አድርጌ ተርጉሜው ስለነበር፣ ከሞተ ሰው ታርጋ አይነጠቅም ብዬ ይሆናል። ይህን በማድረግሽ አልማርሁሽም።

ሌላ የምነግርሽ ነገር አለ። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ደግሞ ስም እንዳትጠሪ።

ሰሞኑን በምሳ ሰዓት፣ ሠራተኛው ሲወጣ፣ ለምርመራ የቀረበ አንድ ሞተር ሳይክል ላይ ወጣሁ። ብረቱ ላይ በማሰሪያ ጠፍሬዋለሁ፤ የትም አይሄድም። ካፖርቴን እንኳ አላወለቅሁም። አስነሣሁት፤ ማርሽ አስገባሁ፤ ነዳጅ ሰጠሁ። መርፌው ተነሣ። አንቺ የጻፍሽልኝ ዛፍ አጥር የሚሆንበት ቦታ ደረሰ፤ አለፈው። አጥሩ ቀለም የሚሆንበት ደረሰ። ጎማው ከሥሬ ይጮኻል፤ መቀመጫው አጥንቴን ያንቀጠቅጠዋል። ከፊቴ ግን ግድግዳው አለ። ግድግዳው ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ጨመርሁ። ጽሑፉ እንደተነበበ ቆየ። ነፋስ የለም። ኬላ የለም። በዚያ ሁሉ ፍጥነት አንድ ጣት አልተራመድሁም።

ያ ባልደረባዬ በሩ ላይ መጥቶ በስሜ ጠራኝ። ሞተሩ እየጮኸ፣ ጥርት ብሎ ሰማሁት። ደረሰብኝ።

ወርጄ ማሰሪያውን ስፈታ «ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ። «እየመረመርሁ» አልሁት። ውሸት አልነበረም። ምን እንደመረመርሁ ግን እስካሁን አላወቅሁም።

ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ የዓመት ፈቃዴን ወስጃለሁ። እመጣለሁ። ካቻቪቴ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ብሎን የሚፈታውም የሚያጠብቀውም ያው ዕቃ ነው፤ ለየትኛው እንደያዝሁት ስደርስ ይታያል። ፍሬኑን ግን አየዋለሁ። ፍሬኑን ሳላይ ማንም አይነሣም፤ ይህን ለሁለቱም ንገሪልኝ፣ ለእያንዳንዳቸው በየስማቸው።

አሁን ጥያቄዬ። አንድ ነው፤ ስለዚህ በሌላ ወሬ እንዳታሳልፊው።

በኅዳር ደብዳቤሽ እናቴ «የሚጠራኝ ሁሉ ከኋላ ይቀራል» ማለቷን ጽፈሽልኛል። ከጓዳ፣ ከደጅ፣ በስልክ። ከጓዳ የሚጠራት አባቴ ነበር፤ እሱ ዛሬ ከኋላዋ ተቀምጦ ወገቧን ይዟል፤ አልቀረም። ከደጅ የሚጠራት ጎረቤት ነው። በስልክ የሚጠራት እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ ደውዬ «እማ» የምል ሌላ ሰው የለም።

በዚያ መንገድ ላይ፣ በዚያ ፍጥነት፣ ከኋላ ከሚቀሩት ድምፆች መካከል የእኔ አለ ወይስ የለም? ይህን የምጠይቀው ልታዝኚልኝ አይደለም፤ ለመረጃ ነው። እሷን ጠይቂያት። ያለችውን እንዳለችው ጻፊ፤ አታሳምሪው። ባለቤቱ በግልጽ ይጻፍ።

መልሱን በጽሑፍ፣ እስከ መጋቢት ፭ ድረስ እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ